«በምሬት ገልጸዋል»

በጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ነቀምቴ ውስጥ በምሄድባት ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ወይ አርፍዶ ነው ወይ ቶሎ መውጣት ፈልጎ ነው። እኔ ሁለቱም ነበርኩ። ሰባኪው ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ውስጥ ስለ ሐሰት ምስክርነት የሚናገረውን ትእዛዝ አነበቡ። እውነቱን ለመናገር ሲጀምሩ «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ብዬ ነበር። ፍርድ ቤት ቆሜ አላውቅም፣ በማንም ላይ መስክሬ አላውቅም። ስለዚህ የማክሰኞውን ፈተና ማሰብ ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይተው ግን ሰባኪው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ ሐሰተኛ ምስክር ያላየውን አየሁ የሚል ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሰው አፍ ተበድሮ የራሱን ነገር የሚናገርም ሐሰተኛ ምስክር ነው። ከዚያ ወደ ሌላ ሐሳብ አለፉ። እኔ ግን አላለፍኩም። አፍ ተበድሬ ነበራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ እሑድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ስለ ገበያ ዋጋ ዜና እንድንጽፍ ታዘን ነበር። እኔም ደብተሬን ይዤ ገበያ ወረድኩ፤ አንጮቴ የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘሁ። (ከሌላ አካባቢ ለመጣችሁ የክፍል ጓደኞቼ፦ አንጮቴ ወለጋ ውስጥ በተለይ በመስቀል ሰሞን የሚበላ ሥር ነው። ተቀቅሎ በቅቤ ይቀርባል፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰውም እንዲበላው ይደረጋል።) «ሀርሜ፣ ዋጋው ዘንድሮ ለምን ተወደደ?» አልኳቸው። እሳቸውም «ዝናቡ ዘገየ ልጄ። ከገጠር የሚመጣው አነሰ። ሌላ ምን ልበልህ?» አሉኝ። ይኸው ነው። ከዚያ እኔን ትተው ገዢ አነጋገሩ። አልተማረሩም፣ እንደውም ከጎናቸው ካለችው ሽንኩርት ሻጭ ጋር ይሳሳቁ ነበር።

ማታ ዶርም ሆኜ ስጽፈው ግን ዜናው ደረቀብኝ። «ዝናቡ ዘገየ» ምን ዜና ይወጣዋል? ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ነጋዴዋ «እኛን የሚያስብ ኃላፊ የለም፣ ድምፃችንን የሚሰማ አጣን» ሲሉ በምሬት ገልጸዋል። በምሬት! መምህራችን ጽሑፉን ክፍል ውስጥ አነበቡልኝ፤ ያንን ጥቅስ ሲያነቡ «ሕይወት ያለው ጥቅስ ማለት ይሄ ነው» አሉ። ጽሑፉም በዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ በሰሌዳው በኩል ሳልፍ ቀስ እያልኩ ነበር የማልፈው።

ያቺን ትእዛዝ ከእሑዱ በኋላ በደንብ አየኋት። የመካነ ኢየሱስ ልጆች በካቴኪዝም ትምህርት የምናውቃት ስምንተኛ ተብላ ነው፤ ሌሎች ብዙ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ዘጠነኛ ይሏታል። ቁጥሩ የተለያየው ሉተር የጥንቱን የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ስለተከተለ ነው፤ ትእዛዟ ያው አንዷ ናት። ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም ውስጥ ሲያብራራት መዋሸትንና ስም ማጥፋትን በመከልከል ብቻ አያቆምም፤ ለባልንጀራ መቆምን፣ ስለ እሱ መልካም መናገርን፣ ነገሩንም ሁሉ በበጎ መተርጎምን ይጨምርበታል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ። «እኔስ ለእሳቸው ብዬ አይደል? ለድሃ ተቆርቁሬ አይደል የጻፍኩት?» አልኩ ለራሴ። ማምለጫ ያገኘሁ መሰለኝ።

ችግሩ እዚያው ዘጸአት ውስጥ ሦስት ምዕራፍ አልፎ ይመጣል። ምዕራፍ 23 ላይ ሕጉ ለብዙኃኑ ብሎ ፍርድ ማጣመምን ከከለከለ በኋላ፣ ድሃም ቢሆን በክርክሩ እንዳይዳላለት ያዛል። ይህን ቁጥር ከዚህ በፊት አንብቤው ይሆናል፤ ቆሜበት ግን አላውቅም። ሌላው ሕግ ሁሉ ለድሃ፣ ለመጻተኛ፣ ለመበለት ሲቆም ሲቆም ቆይቶ እዚህ ጋ ለድሃም ብለህ እውነቱን አትንካ ይላል። እንደገባኝ ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ለድሃው ብዬ ስዋሽ የምጠቅመው ድሃውን አይደለም። ጭብጨባውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የአንጮቴዋ እናት ከጽሑፉ ምን አገኙ? ስማቸው፣ የሚቀመጡበት ቦታና ያላሉት ነገር ግቢ ውስጥ ተለጠፈ፣ በቃ።

እዚህ ላይ ከሳምንቱ ግማሹን የወሰደብኝን ታሪክ ላምጣ፤ ሰባኪው በዚያ ስብከት ስማቸውን አንድ ጊዜ ጠርተው አልፈው ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ። እዚህ ከተማ ውስጥ ስማቸውን ያልሰማ የለም፤ አይራ ያለው ሴሚናሪም በስማቸው ይጠራል። እኔ ግን «መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙ» ከሚለው አንድ መስመር ሌላ አላውቅም ነበር።

ኦነሲሞስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ነው። ቤተሰብ ያወጣላቸው ስም ሂካ ነበር፤ ተርጓሚ ማለት ነው። (ይህን ሳውቅ ወላጅ ልጁን ስም ሲያወጣለት ትንቢት ይናገራል እንዴ አልኩ።) ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱ፣ ቀጥሎም ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዷቸው። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጥተው በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 ሲጠመቁ የመረጡት ስም ኦነሲሞስ ነው፤ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው ባሪያ ስም። በኋላም ስዊድን ሄደው ተማሩ፤ ተመልሰውም ትርጉሙን ያዙ። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ የ1899ኙ የታተመው ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅዱስ ክሪሾና ሲሆን ፊደሉም የግእዝ ፊደል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። እኔን ያስቆመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ኦነሲሞስ ከኦሮሞ ምድር የተወሰዱት ልጅ ሳሉ ነው። የልጅ ኦሮምኛ ነበራቸው፤ የጎልማሳ፣ የሽማግሌ፣ የገበያ፣ የለቅሶ ኦሮምኛ ግን በእጃቸው አልነበረም። ቋንቋው የራሳቸው ነው፣ ግን አይበቃም። ታዲያ ምን አደረጉ? በግምት ሞልተው መሄድ ይችሉ ነበር። ቀይ ባሕር ዳር፣ ከኦሮሞ አገር ያን ያህል ርቀው ሲሠሩ ማን ያርማቸዋል? ብዙ ሰው ያንን ያደርግ ነበር። እኔ ለምሳሌ አድርጌዋለሁ።

እሳቸው ግን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። የተገኘችው አስቴር ጋኖ ነች። አስቴርም እንደሳቸው በባርነት ተሽጣ የሄደች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫነውን ጀልባ ይዞ ነፃ አወጣትና እዚያው ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። የሕዝቡ አነጋገር ገና አፏ ላይ ነበር። 15,000 ያህል ቃላት ለመዝገበ ቃላት ሰበሰበች። 500 የሚሆኑ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ጋር ያሳተሙት የንባብ መጽሐፍ ከዚያ ስብስብ ብዙ ወስዷል። የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉምም የእሷን ጆሮና ምላስ ያገኘ ነው። በሽፋኑ ላይ ግን የእሷን ስም የሚፈልግ አያገኘውም፤ ይህ ራሱ ስለ ጥቅስና ስለ ምንጭ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ሌላ ጊዜ።

አስቡት እንግዲህ። ሁለት ከባርነት የወጡ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው «ይሄን ነገር የኛ ሰው እንዴት ነው የሚለው?» እያሉ ይጠያየቃሉ። ኦነሲሞስ እንደ ተርጓሚ ሁለት ታማኝነት ነበረባቸው፤ አንዱ ለሚተረጉሙት ቃል፣ ሌላው ደግሞ ለሚሰማው ሰው አፍ። ገበሬው በማይናገረው ኦሮምኛ ቢጽፉት ቃሉን አደረሱ አይባልም። ለገበሬው እንዲጥም ብለው ቃሉን ቢለውጡትም አላደረሱም። እኔ ማታ ዶርም ውስጥ ሁለቱንም ነው የሳትኩት። የእናትየዋን ቃል ትቼ የጋዜጣ አማርኛ አፋቸው ውስጥ ከተትኩ፤ «ድምፃችንን የሚሰማ አጣን» በኦሮምኛ እንዴት እንደሚባል ብትጠይቁኝ እንኳ ራሴን እስክክ ነበር።

ኦነሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገቡ። ያኔ የወለጋ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለትም ኩምሳ ሞረዳ ነበሩ፤ ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ ከተማችን ውስጥ አለ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ በኦሮምኛ ተሰበከ። በኦሮምኛ መሰበኩ ደግሞ ጠላት አመጣ፤ ኦነሲሞስ በሃይማኖት ተከሰው እ.ኤ.አ. በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ዐፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፣ መስበኩ ግን ተከለከለባቸው። እስከ 1916፣ ልጅ ኢያሱ እስከፈቀዱላቸው ድረስ፣ እገዳው ቆየ። ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም እዚህ ጋ፦ ብዙ ዓመታት በትርጉም ያሳለፉ ሰው፣ መጽሐፉ ታትሞ፣ አገራቸው ገብተው፣ አፋቸውን ተከለከሉ። በሰው አፍ እንደ ፈለግሁ የተናገርኩት እኔ ደግሞ ማንም አልከለከለኝ።

ኦነሲሞስ ያረፉት ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ቀን ወደ ኋላ ስቆጥር እሑድ ሆኖ አገኘሁት። አስቴር ነቀምቴ ውስጥ ሲያስተምሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1964 አረፉ። (እስካሁን «አንቺ» ስላቸው ቆይቼ አሁን «እርስዎ» ማለቴ ይታወቀኛል። ልጅቷን ሳስብ አንቺ፣ የነቀምቴዋን መምህርት ሳስብ እርስዎ ይመጣብኛል፤ አርታኢው ካላረመው እንዲሁ ይሂድ።)

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ! አንድ የልምምድ ዜና እኮ ነው። ኃጢአትና ሙያ ምን አገናኘው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችንም ውስጣችን የምንኖረው እንደዚያ ነው። እምነት የእሑድ፣ ሙያ የሰኞ። በእሑድ ዝማሬ እናለቅሳለን፣ ሰኞ ፈተና ላይ በጎን እናያለን። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ከላይ ሆኜ አይደለም የምናገረው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡ ሰው ከዚሁ ከወለጋ ወጥተዋል፤ ቦጂ ተወልደው ነቀምቴ ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት የሠሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ። ቁስል እያጠቡ ይሰብኩም ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 ቄስ ሆኑ፣ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ። ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1972 በሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ለውጭ ለጋሾች ደብዳቤ ስትጽፍ ከጀርባው እሳቸው ነበሩ። ለጋሾቹ በዚያን ጊዜ ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰጡ ነበር፤ ለስብከት ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ባጭሩ ሲጠቃለል ሰውን ሥጋና ነፍስ ብላችሁ ከሁለት አትክፈሉት፣ ይህ ክፍፍል የእናንተ እንጂ የኛ አይደለም የሚል ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሙሉውን ሰው ማገልገል የምትለው ነገር መሠረቱ እዚህ ነው። ልማትና ስብከትን እንጂ የተማሪ ዜናን በሐሳባቸው አላዩ ይሆናል። ግን ሰው ካልተከፈለ ሳምንቱም አይከፈልም፤ ጓደኛዬ የጠየቀኝ ጥያቄ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ለእኔ አይቆምም።

ቄስ ጉዲና ራሳቸው አልተከፈሉም። በደርግ ዘመን ደጋግመው ታሰሩ። በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የመውጫ መንገድ ተከፍቶላቸው ነበር፤ መንጋቸውን ጥለው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ዑራኤል አካባቢ ካለችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ለ10 ዓመት ያህል ታስረዋል። አንድ ያልተባለ ጥቅስ ጽፌ ይህን ታሪክ ማምጣቴ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ሚዛኑ አይገናኝም። ግን ሚዛኑ ባይገናኝም ጥያቄው አንድ ነው መሰለኝ፦ እሑድ የምንለውና ሌላ ቀን የምንሆነው አንድ ሰው ነው ወይ?

ወደ ሙያችን ልመለስ፤ ይህ መጽሔት የዲፓርትመንት መጽሔት ነውና። እዚህ ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ወርደን ሰው ስናነጋግር አብዛኞቻችን በኦሮምኛ ሰምተን በአማርኛ እንጽፋለን። ስለዚህ ወደድንም ጠላንም ሁላችንም ሂካ ነን፣ ተርጓሚ። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ኃጢአት በሩን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው። «አለ» የምትለው ቃል ቀጥተኛውንም ቀጥተኛ ያልሆነውንም ንግግር ትሸከማለች፤ ስናወራ ማን ምን እንዳለ በድምፅ እንለያለን፣ በጽሑፍ ግን የሚለየው ትእምርተ ጥቅሱ ብቻ ነው። ያቺን ምልክት የከፈትኩ ቀን ምያለሁ ማለት ነው። ከውስጥ ያለው የሰውየው ነው ብዬ መስክሬያለሁ። ቃል በቃል መተርጎም ካልቻልኩ ምልክቱን ዘግቼ «የዝናቡ መዘግየት እንደሆነ ተናግረዋል» ማለት ይበቃል፤ ደረቅ ነው፣ ግን የእሳቸው ነው። «በምሬት»፣ «በቁጭት»፣ «በደስታ ሲቃ» የሚሉትን ደግሞ በዓይኔ ካላየሁ ባልነካቸው ይሻላል። እነዚህ ቃላት በየጋዜጣው ሞልተዋል፤ የእውነት የተማረረ ሰው ሲመጣ ምን ልንል ነው?

እሑድ ማታ አልተኛሁም ብል ውሸት ይሆናል፣ ተኝቻለሁ። ሰኞ ግን መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «ያ ጥቅስ ነው የፈጠርከው?» አሉ። አዎ አልኩ። ማርኩን እንደገና እንደሚያዩት፣ ጽሑፉንም ራሴ ከሰሌዳው እንዳነሳው ነገሩኝ። ማርኩ ወርዷል፤ ስንት እንደሆነ አልናገርም።

ገበያው ይበልጥ ከብዶኝ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ወርጄ እናትየዋን አገኘኋቸው፤ ረስተውኛል። ጽሑፉን አውጥቼ በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። የመጀመሪያውን ክፍል ሲሰሙ ሳቁ፣ ደስ አላቸው። ጥቅሱ ጋ ስደርስ ሳቃቸው ቆመ።

«እኔ እንዲህ ብያለሁ?» አሉ።

«አላሉም ሀርሜ። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«የት ነው ያለው ይሄ ወረቀት?»

«ግቢ ውስጥ ተለጥፎ ነበር። አንስቼዋለሁ።»

ትንሽ ቆዩ። ከዚያ የተቀመጡበትን መሬት በእጃቸው መታ መታ አድርገው «ይሄ ቦታ እኮ ወረቀት የለውም። እንዲሁ ታግሰውኝ ነው የምሸጠው። ይሄን ያነበበ ኃላፊ መጥቶ ተነሺ ቢለኝ የት እሄድ ነበር?» አሉኝ። ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም። ክፍል ውስጥ ሲነበብ፣ ሲጨበጨብ፣ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ፣ ያ ወረቀት ከግቢ ወጥቶ ገበያ ሊደርስ እንደሚችል አልታየኝም ነበር።

ይቅርታ ጠየቅሁ። «ይቅር ይበልህ» አሉና እንደገና ገዢ ያነጋግሩ ጀመር። እኔም አልሄድኩም፤ ገዢው እስኪሄድ ጠብቄ ደብተሬን አወጣሁና ስለ ዋጋው እንደገና ጠየቅኳቸው። በዚህኛው ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ነገሩኝ፤ አንጮቴው ከየትኛው ቀበሌ እንደሚመጣ፣ የመኪና ጭነት ስንት እንደሚጠይቅ፣ ዝናብ ሲዘገይ ሥሩ እንዴት እንደሚቀጥን። ስማቸውንና የሚቀመጡበትን ቦታ እንዳልጽፍ ለመኑኝ፣ አልጻፍኩምም። ስጨርስ ደብተሬን አየት አድርገው «አንብብልኝ እስቲ» አሉ። አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ ላይ አቋርጠው አረሙኝ፤ የጭነቱን ዋጋ ለአንድ ጆንያ እንጂ ለኩንታል አልነበረም ያሉኝ።